ከቻርተር እስከ መውጫ ፈተና፦ የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲና የአፈጻጸሙ ምዘና

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የጀስዊት ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት፣ የሚመራበት የተጻፈ ብሔራዊ ፖሊሲ አልነበረውም፤ የነበረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተማረ ሰው ያጣውን የመንግሥት አስተዳደር በፍጥነት የማደራጀት ፍላጎትና የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ክትትል ነው። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ የምሕንድስና፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና፣ በአለማያ ደግሞ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የእርሻ ኮሌጆች ሲቋቋሙ፣ እያንዳንዱ የራሱን አስተዳዳሪ፣ የራሱን ረጂና የራሱን ሥርዓተ ትምህርት ይዞ ተነሣ። ተመራቂዎቹ ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ሥራ ይጠብቃቸው ስለነበር፣ ኮሌጆቹ ግባቸውን መቱ ወይስ አልመቱም ብሎ የሚጠይቅ አልተገኘም፤ የሠራተኛው እጥረት ራሱ ለጥያቄው ሁሉ መልስ ይሰጥ ነበር።

እነዚህን የተበታተኑ ኮሌጆች በአንድ ጣሪያ ሥር ለማምጣት ሲታሰብ ግን መጠናት ነበረባቸው። የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ1952 ዓ.ም. ገደማ የከፍተኛ ትምህርቱን ሁኔታ መርምረው ምክረ ሐሳብ አቀረቡ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተ በጥቂት ወራት ውስጥ የአፍሪካ መንግሥታት በዩኔስኮ አስተባባሪነት በማዳጋስካር ዋና ከተማ በታናናሪቭ ተሰብስበው ለሚቀጥሉት 20 ዓመታት የከፍተኛ ትምህርት ግቦችን ሲያስቀምጡ፣ ግቦቹ በአብዛኛው የሚቆጠሩ ነበሩ፦ ስንት ተማሪ፣ ስንት መምህር፣ ከስንቱ ስንቱ በሳይንስ። የፖሊሲ ምዘና ሲባል የተጻፈው ግብ፣ ለግቡ የወጣው ሀብትና የተገኘው ውጤት ጎን ለጎን ቀርበው፣ ልዩነት ሲኖር ምክንያቱ የሚፈተሽበት ሥራ ነው። ከዚህ ሥራ ውስጥ በቀላሉ የሚቆጠረውን ክፍል ብቻ አንሥቶ ሌላውን የመተው ልማድ በኢትዮጵያ መሠረቱ የተጣለው በዚያ ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከዚህ ልማድ የተለየ ነበር። ማንኛውም ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል የሚያስገድደው ይህ መርሐ ግብር፣ አብዛኞቹን በአስተማሪነት ወደ ገጠርና ወደ ትናንሽ ከተሞች ላከ። ፖሊሲው የታቀደለትን፣ ማለትም የመምህራንን እጥረት ማቃለልን፣ በተወሰነ ደረጃ አሳክቷል፤ ያልታቀደለትንም አስከትሏል፤ ምክንያቱም ከተማ ያደገው ተማሪ የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ ዐይቶ ሲመለስ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሐሳብ መሆኑ ቀረ። አንድ ፖሊሲ ከታሰበለት ውጭ ያመጣውን ውጤት መመዝገብ የምዘና ዋና ተግባር ቢሆንም፣ የዚያን ዘመን ባለሥልጣናት ይህን ውጤት ያነበቡት እንደ ጸጥታ ችግር እንጂ ስለ ትምህርቱ እንደሚነግር መረጃ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ መታወስ የሚገባው ምዘና ነው። በ1964 ዓ.ም. መንግሥት በዓለም ባንክ ግፊትና ድጋፍ የትምህርት ዘርፍ ክለሳ በመባል የሚታወቀውን ሰፊ ጥናት አስጀመረ፤ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች በልዩ ልዩ የሥራ ቡድኖች ተከፋፍለው ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያለውን መረመሩ። ክለሳው የደረሰበት ድምዳሜ በብዙ በኩል ትክክል ነበር፦ ትምህርቱ ከአገሪቱ ኑሮ የራቀ፣ በከተሞች የተወሰነና ለጥቂቶች ብቻ የሚያገለግል መሆኑን፣ ለላይኛው ደረጃ የሚወጣው ገንዘብም ከታችኛው ጋር ሲነጻጸር ሚዛኑን የሳተ መሆኑን አመልክቷል። መፍትሔው ግን ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት መስጠትና ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያልፉትን ቁጥር መገደብ ነበር።

ሪፖርቱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ፤ የመምህራን ማኅበርም ሆነ ተማሪዎች በዝግጅቱ አልተካፈሉም። በ1966 ዓ.ም. ይዘቱ ሲሰማ፣ ወላጆች የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ተፈረደበት ብለው ተረዱት፤ መምህራን ደግሞ የደመወዝ ጥያቄያቸውን ጨምረው በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ የተማረሩት የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን አድማ መቱ። መንግሥት ክለሳውን አገድኩ ቢልም የመጣውን ማዕበል ሊመልሰው አልቻለም። ያ ክለሳ የወደቀው በአኃዞቹ ስሕተት ሳይሆን፣ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሳያነጋግር ስለ እነርሱ በመወሰኑ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት ግን ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ምዘናን በግልጽ ማካሄድ ሳይሆን ምዘናን መፍራት ይመስላል።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲውንና የላይኛዎቹን የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ዩኒቨርሲቲው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ እንደገና ሲከፈት፣ በአዋጅ ቁጥር 109/1969 የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1970ዎቹ መባቻ ተከፈተ፤ አለማያም በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የድኅረ ምረቃው መከፈት በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ዘላቂው ነው፤ አገሪቱ ወደ ውጭ ልካ የማይመለሱላትን መምህራን በአገር ውስጥ እንድትተካ አስችሏታልና። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተካሄደው አገር አቀፍ የምዘና ጥናት ግን በአጠቃላይ ትምህርት ላይ ያተኮረ ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚፈትሽ ጥናት ሳይታይ ዘመኑ አለፈ።

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ የከፍተኛ ትምህርቱ የተሳትፎ መጠን፣ ማለትም በዕድሜው ለከፍተኛ ትምህርት ከደረሰው ወጣት ውስጥ የተመዘገበው ድርሻ፣ ከ1 በመቶ በታች ነበር። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ፤ ልክ በዓመቱ፣ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም.፣ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ። እነዚህ ሁለት ክስተቶች ተለያይተው መነበብ የለባቸውም። ፖሊሲው ስለ ጥራት፣ ስለ ተገቢነትና ስለ ምርምር የሚናገር ሰነድ ሲሆን፣ በዚያ ሰነድ ላይ በድፍረት ሊከራከሩ ከሚችሉት ሰዎች ብዙዎቹ ግን ከግቢው ውጭ ሆነው ጠበቁት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትኩረት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ነበር፤ ለአንደኛ ደረጃ የወጣ ገንዘብ ለዩኒቨርሲቲ ከወጣው የበለጠ ትርፍ ያስገኛል የሚለው የዓለም ባንክ አቋም ያኔ በአፍሪካ ሁሉ ሠልጥኖ ነበርና። ባንኩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አቋሙን ሲያለዝብ የኢትዮጵያም ፊት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ዞረ።

የመዞሩ ሕጋዊ መግለጫ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ነው። አዋጁ ለተቋማት የተወሰነ ነፃነት ሰጠ፤ የግል ኮሌጆችን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገባ፤ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲንም አቋቋመ፤ በዚህም በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ምዘና ብቻ የሆነ መሥሪያ ቤት ተፈጠረ። በዚያው ዓመት ወጪ መጋራት የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ ይኸውም ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትም በአብዛኛው ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ፤ ምክንያቱ የመሰናዶ ትምህርቱ የመጀመሪያውን ዓመት ይተካል የሚል ነበር። መሰናዶው በእርግጥ መተካት አለመቻሉን ለማወቅ ግን 15 ዓመት ፈጀ።

ቀጥሎ የመጣው መስፋፋት ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ መንግሥት ከደብረ ብርሃን እስከ ጅግጅጋ፣ ከሰመራ እስከ ሚዛን ቴፒ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ ጊዜ ሲያስገነባ፣ ግንባታውን እንዲያስተባብር የተዋዋለው የጀርመኑን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድን ነበር። ይኸው ድርጅት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የወጪ ቆጣቢ ቤቶችን የአሠራር ዘዴ ያስተዋወቀ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ወራጅና ደጋግሞ የሚሠራ አንድ ንድፍ የዘዴው መሠረቶች ነበሩ። ከተማው ዘዴውን ወርሶ በተቀናጀ የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ካነሣቸው ሰፈሮች አንዱ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከመካኒሳና ከለቡ ወዲያ የሚገኘው ጀሞ ነው። እስከዚያ ድረስ የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት ጀሞ 1፣ ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 ተብሎ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተሞላ፤ በዕጣ ከደረሳቸውም ሆነ ከባለዕጣ ከተከራዩት ነዋሪዎች መካከል መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሥራ የጀመሩ ወጣት ተመራቂዎችም ይገኙበታል። ዩኒቨርሲቲውም ኮንዶሚኒየሙም የአንድ ዘመንና የአንድ አስተሳሰብ ውጤቶች ናቸው፤ ለሁለቱም የሚቀርበው ሪፖርት በሕንፃ ብዛትና በተጠቃሚ ቁጥር የሚለካ ነበር። ለቤት ይህ መለኪያ ብዙም አይጎዳም፤ ሰው የሚገባበት ቤት ሲያልቅ ዋናው ሥራ አልቋልና። ለዩኒቨርሲቲ ግን ሕንፃው ሲያልቅ ሥራው ገና መጀመሩ ነው፤ ባለ ሁለተኛና ባለ ሦስተኛ ዲግሪ መምህር ደግሞ እንደ ብሎኬት በአንድ ክረምት አይደርስም። ስለዚህ በአዳዲሶቹ ግቢዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ወጣት፣ ከተመረቀ ወራት ሳይቆጠሩ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ሲያስተምር ታየ።

በጀሞ፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ አዳዲስ መንደሮች ሁሉ፣ የመስፋፋቱ ሌላ ገጽ በዋናው መንገድ ዳር ባሉት የንግድ ሕንፃዎች ላይ ይታያል። ከምድር ቤቱ ባንክ፣ መድኃኒት ቤትና ካፌ ይዞ፣ ከላይኛዎቹ ፎቆች በአንዱ የግል ኮሌጅ ይከፈታል፤ ከሥራ መልስ በታክሲ የሚመጣው የማታ ተማሪ በሸክላ ወይም በመስታወት በተከፋፈለ ክፍል ውስጥ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ ክፍል ተማሪ በዚያው ወንበር ይቀመጣል። የጥራት ኤጀንሲው ለእንዲህ ያለ ተቋም የዕውቅና ፈቃድ ሲሰጥ፣ ማለትም የትምህርት መስኩን ለማስተማር ብቁ ነው ብሎ ሲመሰክርለት፣ መርማሪዎቹ የክፍሉን ስፋት፣ የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍትና የመምህራኑን የትምህርት ማስረጃ ይመለከቱ ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን የሚቋቋመው በመንግሥት ደንብ ስለሆነ ይህ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። አንዱ ተማሪ ጀሞ ላይ ከኪሱ ከፍሎ፣ ሌላው በክልል ከተማ በመንግሥት ወጪ አንድ ዓይነት ዲግሪ ሲይዙ፣ ሁለቱን የሚለካው ገመድ አንድ አለመሆኑ ከፖሊሲው ግልጽ ጉድለቶች አንዱ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ መንግሥት የግል ተቋማት ሕግና የመምህርነት ትምህርት እንዳይሰጡ፣ የርቀት ትምህርትም እንዲቆም ሲወስን፣ የርቀቱ እገዳ ከወራት በኋላ ላልቷል፤ ውሳኔው በምን ጥናት ላይ እንደቆመ ግን ለሕዝብ በዝርዝር አልቀረበም።

ኤጀንሲው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ያለው ሥልጣን የጥራት ኦዲት ነበር። በ10 የትኩረት መስኮች፣ ከራእይና ከአስተዳደር ጀምሮ እስከ ተማሪ ቅበላ፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ድረስ፣ ተቋሙ መጀመሪያ ራሱን ይመዝን ነበር፤ ከዚያ የውጭ ኦዲተሮች መጥተው ያረጋግጡ ነበር። ዘዴው በዓለም የታወቀና የተከበረ ነው። ሆኖም ኦዲቱ ያገኘውን ጉድለት ያላረመ ተቋም የሚቀጣበት ሕግ ስላልነበረ፣ ሪፖርቱ ተሰጥቶ ሥራው እንደነበረ ቀጠለ። በዚህ ላይ የመሠረታዊ አሠራር ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ የትምህርት ልማት ሠራዊትና አንድ ለአምስት የተባሉ አሠራሮች በየተራ ወደ ግቢዎቹ ሲገቡ፣ መምህሩ የሚሞላው ቅጽ በዛ፤ አንዱ አሠራር ምን እንዳመጣ ሳይታይም ሌላው ተተካ። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በአንጻሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች የተጓተቱ ግንባታዎችን፣ ሥራ ላይ ያልዋሉ ዕቃዎችንና ከመመሪያ ውጭ የወጡ ክፍያዎችን ደጋግሞ አጋልጧል፤ ከሁሉም መዛኞች ይበልጥ በግልጽ የተናገረው የትምህርት ሳይሆን የሒሳብ መሥሪያ ቤት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የ70 በ30 ምጣኔም ዕጣው ተመሳሳይ ሆነ። ከተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚያዘው ይህ ውሳኔ ኢንዱስትሪን ያስቀደመ ሕልም ነበረው፤ አኃዙም በፍጥነት ተሟላ። ወርክሾፑ፣ ቤተ ሙከራውና ተመራቂውን የሚቀጥረው ፋብሪካ ግን በአኃዙ ፍጥነት አልመጡም፤ በመሐንዲስነት ተመርቆ ከሙያው ውጭ የተሰማራ ወጣት በጀሞም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር እንግዳ ነገር መሆኑ የቀረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

አገር አቀፉ ፍተሻ የመጣው በ2010 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ ረቂቅ ሲቀርብ ነው። ፍኖተ ካርታው የ1986ቱ ፖሊሲ ተደራሽነትን እንዳሰፋ መስክሮ፣ ተመራቂዎች በዕውቀትም በክህሎትም በሥነ ምግባርም የሚጠበቅባቸውን ይዘው እንደማይወጡ በግልጽ አስቀመጠ። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለብቻው ተቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 1152 ወጣ፤ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የምርምር፣ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው በተልእኮ ተለዩ። ሚኒስቴሩ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተዋሐደ። የጀመረውን ሥራ ውጤት ለማየት ሦስት ዓመት አይበቃም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ተመልሶ የተማረው ተማሪ እንኳ ገና አልተመረቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምዘናው ከተቋሙ ወደ ተማሪው ተሻገረ። የ12ኛ ክፍል ፈተና መሰረቅና መኮራረጅ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኖ ስለነበር፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አድረው ተፈተኑ፤ ከ896,000 በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ተመዘገበ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና፣ ማለትም ተማሪው ኮርሶቹን ሁሉ ጨርሶ ዲግሪ ከመያዙ በፊት በኮምፒዩተር የሚፈተነው አገር አቀፍ ፈተና፣ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ተሰጠ፤ ቀደም ሲል እንዲህ ያለውን ፈተና የሚያውቁት በዋናነት የሕግ ተማሪዎች ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 በመቶው፣ ከግል ተቋማት 17.2 በመቶው አለፉ።

የጀሞው የማታ ተማሪ የሚገኘው ከእነዚህ ከግል ተቋማት ተፈታኞች መካከል ነው። ዓመታት ከደመወዙ ቆርሶ ከፍሎ፣ ኮርሱን በሙሉ አልፎ፣ በመጨረሻው ቀን 50 ካላመጣ ዲግሪው አይሰጠውም፤ ዕውቅና የሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ያስተማረው ኮሌጅና መስፋፋቱን ያወጀው ፖሊሲ ግን ከእርሱ እኩል የሚጠየቁበት መንገድ አልተበጀም ነበር። ፈተናው አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም፤ በሁሉም መስኮች የተመራቂውን ዕውቀት በቀጥታ የለካ የመጀመሪያው አገር አቀፍ መሣሪያ ነው። መጥፎው ነገር ዋጋውን በመጀመሪያ የከፈለው ከሁሉም ያነሰ ሥልጣን የነበረው ሰው መሆኑ ነው። ኤጀንሲውን የተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ተቋማትን እንደ አዲስ መመዝገብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ብዙዎቹ መስፈርቱን ለማሟላት ተቸግረዋል፤ በዚህ የተነሣ ኮሌጃቸው የተዘጋባቸው ተማሪዎች ወደየት እንደሚዛወሩ የመወሰኑ ጉዳይም አብሮ መጣ።

በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸድቋል፤ በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ለመሆን የመጀመሪያው ሆኖ፣ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና መቀበልና ከፍለው የሚማሩትን ማስተናገድ ጀምሯል። በሌላ በኩል ለብዙ ሺህ ተማሪዎች ታስበው የተገነቡት የክልል ዩኒቨርሲቲዎች የ12ኛ ክፍል አላፊዎች ቁጥር በመቀነሱ የቅበላ ቁጥራቸው ወርዷል፤ ግማሹን ነጥብ ያላመጡ ተማሪዎች በማካካሻ ትምህርት እንዲገቡ የተደረገውም የላይኛው መስፋፋት ከታችኛው ትምህርት አቅም ጋር ባለመጣጣሙ ነው። የመውጫ ፈተናው ውጤት በየመስኩና በየተቋሙ፣ ተማሪው በምን ነጥብ ገብቶ በስንት መምህር ተምሮና በምን ያህል ወጪ እንደወጣ ከሚያሳይ መዝገብ ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ለሕዝብ ቢወጣ፣ የጀሞ ወላጅ ልጁን የት እንደሚያስገባ፣ ምክር ቤቱም በጀቱን ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚያጸድቅ በማስረጃ ሊወስን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው ዛሬም በሬጅስትራሮች፣ በፈተናዎች አገልግሎትና በባለሥልጣኑ እጅ ይገኛል።